የአባቴ ጉሮሮ

አባቴ ባስመለሰው ዕለት እልል ተባለ። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ በቦታው ነበርኩ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወስደው መንገድ ሊማሊሞን ጥቂት ወረድ ሲሉ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ገደሉ ታጥፈው የሚደርሱባት አንዲት የጠበል ቦታ አለች። አባቴ እዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ በሁለት እጁ ድንጋይ ጨብጦ ሲያስመልስ፣ ዙሪያውን የቆሙት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። አጥማቂው መስቀሉን ወደ ላይ አንሥቶ «ወጣላቸው! ወጣላቸው!» ይላል። የአባቴ ዕንባ በጺሙ ላይ ይወርዳል። ደስ ብሏቸው ነው ተባለ።

ከዚያ ወዲህ እልልታ አልወድም። ሠርግ ቤት ተቀምጬ እልል ሲባል ፊቴ ስለሚለዋወጥ፣ የማያውቁኝ ሰዎች ቅናት ይመስላቸዋል።

የጠበል ቦታ ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግራ ይሆንበታል። የታመመ ሰው ጠበሉን እስኪበቃው፣ ከዚያም አልፎ እስኪያንገሸግሸው ይጠጣል። ጠጥቶ ካስመለሰ በውስጡ ያለው ክፉ ነገር ወጣለት ይባላል፤ ዘመድ ይደሰታል፣ እልል ይባላል። በጠበል አልቀልድም፣ የቄስ ልጅ ነኝ፤ የዳነም አይቻለሁ። ነገር ግን የዚያን ዕለት ጠጋ ብዬ መሬቱን አየሁት። አባቴ ያስመለሰው ጠበሉን ብቻ አልነበረም። ማታ በገዛ እጄ ያጠጣሁት የተልባ ውኃ ነበር፣ እንደጠጣው እንዳለ። አድሮም ሆዱ አልደረሰም።

«አባ፣ ይኼ እኮ ማታ የጠጡት ነው፤ አልወረደላቸውም» አልኩት አጥማቂውን።

«አትጠራጠሪ!» ብሎ አንድ ጭልፋ ጠበል ፊቴ ላይ ደፋብኝ። ሴቶቹ ለእኔም እልል አሉ።

ፊቴን በነጠላዬ ስጠርግ ነው አጎቴን ያየሁት። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሁሉም ሰው ሲደሰት እሱ ብቻ ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ደስታ ያለበት ሰው እንዲህ አይቆምም። ይኼ ሰውዬ አንድ ነገር ያውቃል አልኩ በልቤ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እኔ ደባርቅ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር ቄስ ሆኖ ጸጉሩ የሸበተበት ሰው ነው። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች፣ እሱና አጎቴ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን በሁለት ቤት ይኖራሉ። አጎቴ ገበሬ ነው፣ ገብስና ባቄላ ያርሳል፤ አባቴም ከቅዳሴ የተረፈ ጊዜውን አብሮት ያርስ ነበር።

ከጠበሉ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት በነበረው መኸር አባቴን እህል አላልፍ አለው። በመጀመሪያ ቂጣው፣ ቀጥሎ እንጀራው፣ በመጨረሻ በሶ እንኳ ደረቱ ላይ ይቆምበት ጀመር። ጎንደር አስመረመሩት፤ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ይዞት የሄደው አጎቴ ነው። እኔ ትምህርት ቤቱም ቀበሌውም አልለቅ ብለውኝ ቀረሁ። አዲስ አበባ ደረቱን ከፍተው ኦፕራሲዮን አደረጉት፤ የምግብ መውረጃውን ክፉ ክፉ ቦታ ቆርጠው አወጡና ጨጓራውን ወደ ላይ ስበው ሰፉለት። ከርሞ ሲመጣ ከጎኑ እስከ ጀርባው የዞረ ጠባሳ ይዞ፣ ከስቶ፣ ግን እየበላ መጣ።

«ምን ነበር አሉ?» ብዬ ስጠይቅ አጎቴ፣ «ቁስል ነበር፣ ተቆርጦ ወጣ፤ ተመስገን በይ» አለኝ። ተመስገን አልኩ። አባቴም ተመስገን አለ። የዳነ ሰው ደግሞ እንደዳነ ሰው ይኖራል፤ ስለቱን አገባ፣ ወደ መቅደሱ ተመለሰ፣ የሚቀጥለውን ሁዳዴ ከጤነኛ ሰው እኩል ጾመ። ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ እንዲበላ ነግሮት ነበር። እሱ ግን፣ «ያ ቁስሉ እስኪደርቅ ነው፤ ደርቋል» እያለ፣ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይውል ነበር።

የፋሲካ ሰሞን እንደገና መክሳቱን አየሁ። ምነው ስለው የጾሙ ነው አለኝ። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ዳባት ብሄድ፣ አባቴ ተልባ ብቻ እየጠጣ ይኖራል። የሚገርመው ደግሞ መቀደስ ትቷል። «ሌላ ሰው ይግባ፣ እኔ ደክሞኛል» ይላል። ያን መቅደስ ለማንም ሰው የማይለቅ ሰውዬ! ጠበል ውሰዱኝ ያለውም ራሱ ነው። ወሰድነው። የሆነውን ነገርኳችሁ።

ከጠበሉ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው አቀበት ልብ ያፈርሳል። አባቴን ሰዎች በቃሬዛ አድርገው ወደ ፊት ሲቀድሙ፣ አጎቴን ከኋላ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ያኔ ምን ነበር ያለዎ?»

«ቁስል ነው አልሁሽ አይደል?»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይላል? ተይኝ እስቲ፣ ትንፋሽ አሳጣኝ ይኸ ዳገት።»

አልተውኩትም። ነጠላውን ይዤ አቆምኩት። ታላቅን ሰው ልብሱን ይዞ ማቆም ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ሊያልፈኝ ሞከረና በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ነቀርሳ ነው አለኝ» አለ ፊቱን አዙሮ። «እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ነው የነገረኝ። ለጊዜው አውጥቸዋለሁ፣ ሊመለስ ይችላል አለ። በየሦስት ወሩ አምጣው፣ እህል ያዝ ካደረገው ደግሞ እዚያው ሳምንት ይዘኸው ና አለኝ።»

«ታዲያ ምነው አልወሰዱትም?»

«ምን ብየ? ‹ድነኻል› ብየ አምጥቸው፣ ደግሞ ‹ና ወደ ሐኪም እንሂድ› ብለው ‹ለምን?› አይለኝም? ምን ብየ ልመልስለት?»

ይኼው ነው። ሙሉ ታሪኩ ይኼው ነው። አንዴ የዋሸው ውሸት እንዳይታወቅበት ሰውዬውን ከሐኪም አራቀው። መተት አድርጎበት ነው እንዳልል፣ ክፉ ተመኝቶበት ነው እንዳልል፣ የሚወደው ወንድሙ ነው! ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ነገር ግን አጎቴ አባቴን አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ሄዶ፣ ከአልጋው ሥር ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ያስታመመ ሰው ነው። ፍቅሩን አልጠራጠርም። በፍቅሩ ነው ያናደደኝ።

እኛ አገር ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አይነገርም። የሞተ እንኳ ቢሆን፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ደጅ ተንኳኩቶ፣ «ትንሽ አሟቸው ነው» ተብሎ ተጀምሮ ነው ቀስ በቀስ የሚደረሰው። የታመመ ሰውማ ጭራሽ አይነገረውም፤ ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ልጁ ያውቃል፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ታውቃለች። የራሱ ደረት ውስጥ ያለውን ነገር ለማወቅ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። ደግሞ ይኼን ርኅራኄ ይሉታል!

እዚያ አቀበት ላይ በአጎቴ ላይ የጮኽኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ከፊት የነበሩት ሰዎች ቃሬዛውን አቁመው ዞረው አዩን። አባቴ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብሎ፣ «ምን ሁና ነው?» ሲል ይሰማኛል። አጎቴ፣ «ድካም ነው፣ ምንም አይደል» አለው። እዚያው፣ ዓይኔ እያየ፣ አንድ ተጨማሪ ውሸት።

ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ አባቴን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «ምነው መምሬ፣ ጸሎቱ እምቢ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አብረውት የተቀመጡትም ሳቁ። ይኼን ሰውዬ ክርስትና ያነሣው አባቴ ነው። ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚፈቀደው አለ፤ እኔን ደግሞ ክረምቱን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ መዋል አለብሽ አለኝ። አጎቴ ቶሎ ብሎ፣ «እኔ እሄዳለሁ» አለ።

«አይሄዱም» አልኩ። «ባለፈው ሄደዋል። የነገሩዎትን ምን እንዳደረጉት አይተናል።»

ሊቀመንበሩ አንዴ እኔን አንዴ አጎቴን እያየ ነገሩ ጣመው። የጣመውን ያህል አስለመነኝ፤ በስንት ምልልስ፣ ዘመቻውን ስመለስ በእጥፍ እንድሠራ አስፈርሞ ወረቀቱን በእኔ ስም ሰጠኝ። ለአባቴ ስል ያን ሰውዬ «ጓድ» እያልኩ ለመንኩት። እስካሁን ያቺ ቃል አፌ ላይ ትመረኛለች።

መንገዱን አላወራም። አውቶቡሱ በየኬላው ቆመ፤ በየኬላው አባቴን አስወርደው ፈተሹት። አንዱ ወታደር ጠባሳውን አይቶ ጥይት መስሎት ከየት ጦር ሜዳ መጣህ አለው። አባቴ ምራቁን የሚተፋበትን ጣሳ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። የገዛ ምራቁም አልወርድ ብሎት ነበርና።

አዲስ አበባ ያገኘነው፣ ያኔም አባቴን የቀደደው ሐኪም በድካም ዓይኑ የቀላ፣ ጎበዝ ሰው ነው። ነጭ ነገር አጠጥተው ራጅ አነሡት። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ ካየው በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወንድ ዘመድ አልመጣም?» አለኝ።

«ወንድ ዘመድ ባለፈው መጥቶ ነበር» አልኩት። «ለእሱ የነገሩት ለሁለት ዓመት ገደማ ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል። አሁን ለእኔ ይንገሩኝ።»

ነገረኝ። በሽታው ከተሰፋው ቦታ ላይ ተመልሶ መጥቷል። ቀድሞ ቢታይ ኖሮ እንደገና ቆርጦ ለማውጣት ሊሞክር ይችል ነበር፤ አሁን ግን ትልቁን የደም ሥር ተጠግቷል፣ አይነካም። «ይድን ነበር ወይ ካልሽኝ ቃል አልገባም፤ ብዙ ሰው አይድንም» አለኝ፤ ለዚህ እውነት እስካሁን አመሰግነዋለሁ። የሚቻለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሆዱን ቀድዶ በጎኑ በኩል ቱቦ አውጥቶ በዚያ መመገብ። ሁለተኛው ደግሞ በሁለተኛ ኦፕራሲዮን የጠበበው ቦታ ውስጥ የላስቲክ ቱቦ ማስገባት፤ ከሆነለት ፈሳሽና የላመ ነገር በአፉ ይወርድለታል። ይኼኛው አደጋ አለው፤ ከጠረጴዛው ላይ ላይነሣ ይችላል።

አንዲት ነርስ ከጎኔ፣ «ለእሳቸው ቁስሉን እናጥበዋለን እንላቸዋለን፤ አይደንግጡ» አለችኝ። ደግ ፊት ነበራት። ደሜ ፈላ። «እንዲህ ብለሽ ትሞክሪና!» አልኳት። ምን እንዳደረገችኝ እንኳ አታውቅም፣ ምስኪን።

አባቴ ግቢው ውስጥ ካለ የባሕር ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጣሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። በመንገድ ሁሉ ሳዘጋጀው የመጣሁት ንግግር ጠፋኝ።

«አባዬ፣ ያኔ የወጣው ቁስል አልነበረም። ነቀርሳ ነው። ተመልሶ ነው አሁን የዘጋዎ። ጋሼ ያውቅ ነበር፣ ሐኪሙ ነግሮታል። እኔ ያወቅሁት በቀደም ነው።»

ዛፉን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የጠየቀኝን ጥያቄ ሺህ ዓመት ባስብ አልደርስበትም ነበር።

«በሽታ ነው ወይ የሚያስመልሰኝ?»

«በሽታ ነው፣ አባዬ።»

«በሽታ ብቻ?»

«አዎ፣ በሽታ ብቻ። ሌላ ምን ይሆናል?»

ጣሳውን መሬት አስቀመጠ፤ ነጠላውን ፊቱ ላይ ስቦ አለቀሰ። ሞቱን ስለነገርኩት መሰለኝ። ቆይቶ ነው፣ ነጠላውን ሳይገልጥ፣ የነገረኝ።

በግንቦት ልደታ ቀድሶ፣ ሥጋውና ደሙን ተቀብሎ ከመቅደስ ሲወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ሳይደርስ ወደ አፉ መጣበት።

«መልሸ ዋጥሁት» አለኝ። «ደግሞ መጣ። ደግሞ ዋጥሁት። እንዳይወድቅ ነጠላየን አፌ ላይ ይዠ፣ ሕዝቡ ዝክር ቤት ሲበላ ሲጠጣ፣ እኔ ከቅጥሩ ሥር ተቀምጨ ከጉሮሮየ ጋር ስታገል ዋልሁ። ድኛለሁ ብየ ነበር። የዳነ ሰው ምን ያስመልሰዋል? አልቀበልኽም ብሎኝ ነው አልሁ። ከእኔ ውስጥ ማደር ተጸይፎ ነው አልሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ኃጢአቱን ሲፈልግ ነበር የኖረው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣ፣ ይኼ ይሆን፣ ያ ይሆን እያለ። ተደብቆ ሌት ይሰግድ ነበር፤ የሚበላው ተልባ ብቻ የሆነ ሰው! ለነፍስ አባቱ እንኳ ለመንገር አፈረ። መቅደሱን የለቀቀው ለዚህ ነው። ጠበል ውሰዱኝ ያለውም ይቅርታ ፍለጋ ነበር። እዚያ ጠበል ላይ ሲያስመልስ ያለቀሰው ደስ ብሎት አልነበረም። ጠበሉም አልቀበለኝ አለ ብሎ ነው። እኛ ደግሞ በላዩ ላይ እልል አልንበት።

ሰዎች ቁጡ ናት፣ ልቧ ጠንካራ ነው ይሉኛል። ይበሉ። በሽታውን ይቅር እለዋለሁ፣ በሽታ ነው። ሞትንም እንደዚሁ። አንድ ንጹሕ ሰው ወራት ሙሉ እግዚአብሔር ተፍቶኛል ብሎ እንዲኖር ያደረገችውን ያችን «ቁስል ነበር» የምትል ቃል ግን ይቅር አልላትም። አንዲት ቃል ብትነገረው ኖሮ ሆዱን እንጂ ነፍሱን አያመውም ነበር።

አባቴ ዕንባውን ጠራረገና፣ «ሐኪሙን ጥሪልኝ» አለ። ሐኪሙ መጥቶ ያን ሁለቱን ነገር ለእሱም ነገረው። አባቴ የጠየቀው ስንት ዓመት እኖራለሁ ብሎ አልነበረም።

«ልጄ፣ ይኸ ቱቦ ያልኸው፣ ጠብታ ያሳልፋል? እንደ ስንዴ ቅንጣት ያለች የራሰች ነገርስ?»

ሐኪሙ ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ፤ ቁጭ አለ። «ያሳልፋል፣ አባ፣ ከሆነልን።»

«ከወረደ በኋላስ ይመለሳል?»

«ቀና ብለው ከተቀመጡ ላይመለስ ይችላል። ግን ቃል አልገባልዎትም።»

«እንግዲያስ ቅደደኝ» አለ አባቴ።

ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ተደረገ። በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ጸለይኩ ብል ውሸቴን ነው፤ ተቆጣሁ። አጎቴን፣ ሊቀመንበሩን፣ አጥማቂውን ተራ በተራ እያመጣሁ ስሳደብ ነው የዋልኩት። በሩ ተከፍቶ ሐኪሙ ጭምብሉን ሲያወርድ ስድቤን አልጨረስኩም ነበር። «ገብቷል» አለኝ። ከተወሰኑ ቀናት በኋላ አባቴ አንድ ማንኪያ ወተት ዋጠ። ሁለታችንም እንቅስቃሴ ሳናደርግ ጠበቅን። አልተመለሰም።

ወደ ቤት ስንመለስ ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ የገብሱ ማሳ አረንጓዴ ሆኗል። አጎቴ ከግቢው በር ላይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ጠበቀን፤ ይቅርታ ለመጠየቅ እንደ ደንቡ። አባቴ በተሰበረች ድምፁ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ኃጢአቴን ስፈልግ አንተ ታውቅ ነበር» አለው። ሌላ አልጨመረም። ከዚያ በሁለት የከሱ እጆቹ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደለትና አቀፈው። በዚያች ቅጽበት ይቅር አለው። እኔ ደግሞ ድንጋዩ ቢጨመርለት ነበር ደስታዬ። አጎቴ ወደ እኔም ሲዞር ዕቃ ላስገባ ብዬ አልፌው ገባሁ።

የደብሩ ካህናት ተሰብስበው መከሩ። መቀደስ እንኳ ባይችል፣ ይቁረብ አሉ። አባቴ ተደሰተ። እሑድ ደረሰ፤ «ዛሬ ትንሽ ሳል አለብኝ» አለ። ቀጣዩ እሑድ ደረሰ፤ «ዛሬ ደክሞኛል» አለ። ምክንያቱ ገባኝ። በሽታ መሆኑን በጆሮው ሰምቷል፤ ያን ከቅጥር ሥር የዋለበትን ቀን ግን ጉሮሮው አልረሳውም። ወተቱም አጥሚቱም ይወርድለት ነበር። ቤት ውስጥ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ የዳቦ ፍርፋሪ እያራሰ መዋጥ ይለማመድ ነበር፣ እኔ ያላየሁት መስሎት።

«አባዬ፣ ይሂዱ። ይወርድልዎታል።»

«ቢመለስስ?» አለኝ። «ዳግመኛ ቢመለስ አልችለውም፣ ልጄ። ሞቱን እችለዋለሁ።»

ሐኪሙም ቃል አልገባም። እኔም ይወርዳል እያልኩ መማል የአጎቴን ሥራ መሥራት መስሎ ታየኝ።

መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ደባርቅ መመለስ ግድ ሆነ። ለዘመቻው የፈረምኩት ዕዳም ስለነበረብኝ፣ ቀን ሕፃናት ማታ ጎልማሶች ሳስተምር እውል አመሽ ጀመር። የገበያ ቀን ከዳባት የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሌላ አልጠይቅም፤ «ቆረበ?» ነው የምለው። «ገና» ይሉኛል። «እሱስ ገና ነው፣ ግን ደኅና ነው።» ደኅና አለመሆኑን ከአነጋገራቸው አውቃለሁ። እሱን እንኳ በትክክል የሚነግረኝ ጠፋ።

በጥቅምት አንድ ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሲገለጥ፣ የተከራየሁበት ቤት በር ተንኳኳ። በቀዳዳው አየሁ። አከራዬ አሉ፤ ጎረቤቶቼ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ ከትምህርት ቤታችን ሁለት አስተማሪዎች ከኋላ አሉ። እንዲህ ሆነው ለምን እንደሚመጡ እኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። ከፊት የቆመው አጎቴ ነው። ከዳባት ድረስ ሌሊቱን በእግሩ ተጉዞ ነው የመጣው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሷል።

በሩን ከፈትኩ። አከራዬ እጄን ያዙና በዚያ ለመርዶ በሚወጣ ለስላሳ ድምፅ፣ «ልጄ፣ አትደንግጭ፤ አባትሽ ትንሽ ጠንከር ብሎባቸው ነው አሉ፣ እንሂድና…» ሲሉ፣ ቁጣዬ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራሴ ወጣ። በዚህ ማለዳ ደግሞ! ዛሬም ደግሞ! አፌን ከፍቼ በዚያ ሁሉ ሰው ላይ ልጮኽባቸው ስል አጎቴ ቀደመኝ።

«ተዪያት፣ አትዋሺያት» አላቸው አከራዬን። ከዚያ እኔን በቀጥታ ዓይን ዓይኔን እያየ ተናገረ። በሕይወቱ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም።

«ሞተ። ትናንት ለሠርክ ነው የሞተ። ጣር በዝቶበት ነበር፣ አልዋሽሽም። እሑድ ግን ቆርቧል። በል ሳልለው ራሱ ‹ውሰደኝ› አለኝ፣ ተሸክሜ ወሰድሁት። ከተቀበለ በኋላ ጀርባውን ደግፌ ቀና አድርጌ ይዠ፣ ጉሮሮውን እያየሁ እስከ ማታ አብሬው ዋልሁ። እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅ ነው ያየሁት። አልተመለሰም። ሙቶ እስኪገነዝ ድረስ አልተመለሰም።»

ሰዉ ሁሉ ደንግጦ አጎቴን አየው፤ መርዶ እንዲህ አይነገርም። እኔም ጮኽኩ። ጎረቤቶቼ ሊይዙኝ ሲጠጉ ነው ድምፁ ምን እንደሆነ የገባቸው፤ አከራዬ «ልጅቱ አበደች» እያሉ በነጠላቸው አፌን ሊይዙ ሞከሩ። አጎቴ ግን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ኋላ መለሳቸው፤ እልልታዬን እስክጨርስ ድረስ ማንም አልነካኝም።